ብዙነሽ ደግ የሆነችበት አርብ

የበደለችኝ ብዙነሽ ናት፤ የተበደልኩት እኔ ነኝ። በደሏንም ሳላድበሰብስ ልናገረው፦ ባለፈው ጥር፣ በአንድ አርብ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምራ ያለ አንዳች ምክንያት ደግ ሆናልኝ ዋለች። አልሰደበችኝም። ቦርሳዬን ተሸከመችልኝ። «ደክሞሻል፣ አረፍ በይ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። «ታዲያ ይሄ ምኑ በደል ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ወይ ከስዊድኖች ተወልዳችኋል፣ ወይ እስከ ዛሬ መርዶ ተነግሯችሁ አያውቅም።

የኛ ሰው ክፉ ወሬን የሚይዘው እንደ ትኩስ ድስት ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለሁለት ለሦስት ተጋግዞ፣ የሚያስቀምጥበትን ቦታ እየፈለገ ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለጎረቤት ይደርሳል፤ ከጎረቤት ለጎረቤቱ የአክስት ልጅ፣ ከእሷ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ከዚያ ለመላው ከተማ። ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ይሰማል። እስከዚያው ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም በሆዱ ያዝንለታል፣ ሁሉም ይለሳለስለታል፤ እሱ ብቻ «ሰው ሁሉ ምነው እንዲህ ወደደኝ!» እያለ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል።

ስዊድኖች እንደዚህ አይደሉም። እዚህ ስቶክሆልም አጠገብ፣ ሜርስታ፣ እኔ በምሠራበት ቦታ፣ የአውሮፕላን ምግብ በትሪ እንደረድራለን። አንድ ቀን ከጎኔ የምትቆመው ሴትዮ ትንሿን ቅቤ ትሪው ላይ እያስቀመጠች «አባቴ ማክሰኞ ሞተ» አለችኝ። በዚያው ድምፅ፣ ትንፋሿን እንኳ ሳትቀይር፣ «ማንኪያዎቹን አቀብይኝ» አለች። እጄ ላይ የነበረው ማንኪያ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ያባበለችኝ እሷ ናት።

የኔ አባት ሲሞት ግን የተነገረኝ እንዲህ ነው። «የምርቃት ድግስ አለ» ተባልኩና የኛ ሰው ወደሚበዛበት ሰፈር፣ ወደ ቴንስታ፣ ተወሰድኩ። ቀይ ቀሚስ ለብሼ፣ ስጦታ አንጠልጥዬ ሄድኩ። በሩ ላይ የጫማ ክምር አየሁ። ሁሉም ጥቁር። ገባሁ፤ ሙዚቃ የለም፣ ተመራቂም የለም፤ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ እኔን ያያል። «መጀመሪያ እህል ቅመሺ» ተባልኩ። ሁለት ሰሃን በላሁ። ወጡን ማን እንደሠራው ጠይቄ ሳመሰግን ሳለሁ ነው አንድ ድምፃቸው እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሽማግሌ እጄን ይዘው የነገሩኝ። አባቴ ከተቀበረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ባለሙያ ሆንኩ። ሰው ሲለሳለስልኝ ጥቁር ልብሴ የትኛው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ነው የማስበው።

አሁን ብዙነሽን ላስተዋውቃችሁ። አካላ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ፎቅ በላይ ነው የምትኖረው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ካልሲያቸውን ታጠልቃለች። እነሱን «የኔ አበባ» ነው የምትለው። ማሩ ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚያልቅ ለእኔ የሚተርፈው ኮምጣጤው ብቻ ነው። የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የተዋወቅን ዕለት መጀመሪያ ያለችኝ «ይሄንን ጫማ ገዝተሽው ነው ወይስ ሰው ጥሎት አግኝተሽው?» የሚል ነበር። እኔም ዝም አላልኳትም፤ የመለስኩላትን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆች ያነቡት ይሆናል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተለያይተን አናውቅም።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በዚያ ሳምንት ማክሰኞ የደወለችልኝ።

«ጥሩዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ አርብ ሥራ እንዳትገቢ። አንድ ቦታ እወስድሻለሁ።»

«የት?»

«ደስ የሚል ቦታ ነዋ። አትጨቅጭቂኝ… ማለቴ፣ አታስቢ የኔ እናት። የዋና ልብስሽን ብቻ ያዢ።»

የኔ ቆንጆ! የኔ እናት! ስልኩን ዘግቼ ማዕድ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ለምን መሰላችሁ? ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ፍቼ ደውዬ ነበር። እናቴ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። የሁልጊዜ ልማዷ ስልኩን ከወንድሜ ከአየለ እጅ ነጥቃ፣ ድምፅዋን በራሷ ጉልበት ስዊድን ድረስ ልታደርስ እየጮኸች ማውራት ነው። የዚያን እሁድ አልነጠቀችውም። «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች። ደህና ናት፣ ምንም አታስቢ» አለኝ አየለ። ብዙነሽ በደወለች ማግስት፣ ረቡዕ፣ ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳም። ሐሙስ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ ሁላችንም ሰላም ነን» የሚል መልእክት ላከ። ሁላችንም! ስንቶቻችን? ከዚያ በኋላ መደወል ፈራሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ። እስካልተነገረኝ ድረስ እናቴ አለች፤ ታዲያ ምን ያስቸኩለኛል?

አርብ አራት ሰዓት ላይ ብዙነሽ በሩን አንኳኳች። ሌላ ጊዜ እንደ ፖሊስ ነበር የምትደበድበው። ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሰማያዊው ባቡር ውስጥ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠችኝ። ባቡሩ የሚሄደው ምድር ውስጥ አይደል፣ መስኮቱ ምን ያሳያል አትበሉኝ፤ ደግነቷ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር።

«ሌላ ማን ማን ይመጣል?» አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

«እኔና አንቺ ብቻ።»

«ሌላ ሰው የለም?»

«ሌላ ሰው ምን ያደርጋል ጥሩዬ?»

ቀድመው ሄደው ተቀምጠዋል ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

ወሰደችኝ ወደ ባሕር ዳርቻ። አዎ፣ በጥር፣ ስቶክሆልም ውስጥ። ጣሪያ ያለው የባሕር ዳርቻ ነው። ውጪው ከዜሮ በታች ወርዶ አፍንጫ ይቆርጣል፤ በሩን ስትከፍቱት እንደ አዋሽ ቆላ ሙቀት ፊታችሁን በጥፊ ይላችኋል። አሸዋ አለ፤ ከሥሩ በተዘረጋ ቧንቧ ይሞቃል። ዘንባባ አለ፤ አንዱን በጥፍሬ ጫር አድርጌው እውነተኛ ሆኖ አገኘሁት፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ፕላስቲክ ነው። ወፍ ይዘምራል፤ ወፉ ድምፅ ማጉያ ነው። ከላይ ፀሐይ የምታክል መብራት ተሰቅላለች፤ ከሥሯ ስዊድኖቹ ዘይት ተቀብተው፣ አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ እንደተሰጣ በርበሬ ተዘርግተዋል። የሚያወራ የለም። «እባክዎ ዝምታን ያክብሩ» የሚል ጽሑፍ በየዘንባባው ላይ ተለጥፏል። አገሩን በሙሉ ጸጥ አሰኝተው ሲያበቁ እዚህ ደግሞ ለተጨማሪ ጸጥታ ይመጣሉ።

ታዲያ መግቢያው ላይ ጫማ ይወለቃል። መደርደሪያው በጫማ ሞልቷል። እኔ ቴንስታ ላይ ጫማ ያስተማረኝ ሴት ነኝ፤ ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ መረመርኩት። የበረዶ ቦት፣ የበረዶ ቦት፣ የልጅ ቦት… ከታች፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ጥንድ ቡናማ የወንድ ጫማ፤ ማሰሪያው የተስተካከለ፣ ቆዳው በቀለም ያበራ። በጥር ወር ስቶክሆልም ውስጥ ጫማውን ቀለም የሚያስነካ ስዊድናዊ አሳዩኝ። ይሄ ጫማ የኛ ሽማግሌ ጫማ ነው።

ቀጥሎ የመግቢያዋ ልጅ ፈገግ ብላ አንድ ሣጥን አቀረበችልን። ወደ ውስጥ ስልክ አይገባም፤ ደንቡ ነው። እኔ ስልኬን ጨበጥ አደረግኩት። ብዙነሽ ከእጄ ላይ ፈልቅቃ ሣጥኑ ውስጥ ከተተችው።

«ስጪያት፣ ስጪያት። ዛሬ ስልክ ምን ያደርግልሻል?»

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ስልክ የሚወሰድበት ሰው ለምን እንደሚወሰድበት አታውቁም?

ልብስ መቀየሪያው ገባን። የዋና ልብሴ የተገዛው ልጄን ዋና ላስተምር በማመላልስበት ዘመን ነው። ብርቱካናማ ነው፣ አበባ አለበት። እኔ ከዚያ ወዲህ አድጌያለሁ፤ እሱ አላደገም። ለብሼ፣ ማለቴ ተሰፍቼበት፣ ስወጣ ብዙነሽ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አፏን ከፈተች። እኔም ተዘጋጀሁ፤ ምን እንደምመልስላት እንኳ መርጬ ነበር። ከዚያ አፏን ዘጋች፣ ምራቋን ዋጠች።

«ያምርብሻል» አለችኝ።

በዚያች ቅጽበት እናቴ እንደሞተች እርግጠኛ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። አሸዋው ላይ በተንጣለለ ወንበር ላይ አጋደመችኝ። ቀይ መጠጥ አመጣችልኝ፤ ላዩ ላይ ትንሽ የወረቀት ጥላ ተሰክቶበታል። ምሳ ደረሰ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ አናናስ ሆዱ ተቦርቡሮ ሩዝና አትክልት ተሞልቶበታል። «ብይ» አለችኝ ብዙነሽ። «ብይ እንጂ፣ ምን ነካሽ፣ አንድ ጉርሻ ከእጄ።» ቴንስታ ሁለት ሰሃን ነበር፣ እዚህ አናናስ ነው ብዬ አሰብኩ፤ አሠራሩ ግን አልተለወጠም። በላሁት። ለሚመጣው ነገር አቅም ያስፈልገኛል ብዬ እስከ ልጣጩ በላሁት። እሷ ደግሞ «እንዴት ጣፈጠሽ!» እያለች ደስ ይላታል።

መጽሐፍ ይዤ ሄጄ ነበር። አንዱን ገጽ አሥራ አራት ጊዜ አነበብኩት መሰለኝ፤ እንፋሎቱ ወረቀቱን አርሶት መጽሐፉ እንደ ዳቦ ተነፋ። ዓይኔ ፊደሉ ላይ ይሂድ እንጂ ልቤ ፍቼ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ማንበብ የለመድኩት ከዚያ በኋላ፣ እናቴ ከሱቅ ስኳር ተጠቅልሎባት በምታመጣት ቁራጭ ጋዜጣ ነው። ስኳሩን ዕቃ ውስጥ ገልብጣ ወረቀቱን በመዳፏ ታለሰልስና «ምን ይላል?» ትለኛለች። እሷ ማንበብ አትችልም። እኔ አነባለሁ፤ ስለ አንድ ሌባ ይሆናል፣ በር ሰብሮ ሲገባ ባለቤቱ ነቅቶ ሲከታተለው… ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል። እናቴ በጣም ትናደዳለች። «ተያዘ አይልም?» ትላለች። «አይልም እማዬ፣ ተቀዷል።» «እንግዲያው ይያዝ!» ብላ ራሷ ትፈርድበታለች። በሚቀጥለው ስኳር ሌላ ወሬ ይመጣል፤ የዚያኛውንም መጨረሻ እሷ ናት የምትወስነው። ይሄው አሁን የሷ ወረቀት ተቀደደ፣ የሚጨርስልኝ የለም እያልኩ እንባዬ ወረደ።

«ምነው ጥሩዬ?» አለች ብዙነሽ።

«የውሃው መድኃኒት ነው፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

ውሃ ውስጥ አልገባሁም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ብዙነሽ ይሄንን አታልፈኝም። ፎጣዋን አነሳችና ፊቴን ጠረገችልኝ። ቻልኩት። ትንገረኝና ትገላግለኝ እያልኩ ጠበቅኋት፤ እሷ መጠጧን በቀጭኗ ቱቦ ትስባለች።

ያኔ ነው ጋሽ ሽፈራው የመጡት።

ጋሽ ሽፈራው ቴንስታ ላይ እጄን የያዙት ሽማግሌ ናቸው። ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ የሐይቅ ውሃ ሲያጠኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ምሁር ናቸው። ግን ማን በዚያ ያውቃቸዋል? ከተማው የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነው። መርዶ ሲኖር «ጋሽ ሽፈራው ይንገሩ፣ እሳቸው ያውቁበታል» ይባላል። በሩ ላይ የቆሙበት ቤት ሁሉ ለቅሶ ወጥቶበታል። እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ነጭ የመታጠቢያ ካባ ለብሰው፣ ሽበታቸው በውሃ ተለጥፎ፣ በዚያው በለመዱት ዝግ ያለ እርምጃ በዘንባባዎቹ መሃል ወደ እኛ የመጡት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ቆም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ቀረቡ።

«እንዴት ዋልሽ ልጄ?» አሉ በዚያ በጥጥ ድምፅ። «ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ፣ አትነሺ።»

«እማዬን! እማዬን! እናቴን!»

አሸዋው ላይ ወደቅኩ። ደረቴን መታሁ። ዝምታን ያክብሩ የሚለው ጽሑፍ ሥር የፍቼ ለቅሶዬን አወጣሁት። ተሰጥተው የነበሩት ስዊድኖች አንድ ላይ ቀና አሉ። ጋሽ ሽፈራውም ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ነገር ነውና አጠገቤ በርከክ ብለው እጄን ያዙ፤ «አይዞሽ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ይሉኝ ጀመር። ይሄንን የሰማች ብዙነሽ ብርጭቆዋን ለቀቀችው። «ውይ! የጥሩዬን እናት! ውይ እሜቴን!» ብላ እሷም ራሷን ይዛ ተቀላቀለች። የብዙነሽ ለቅሶ ደግሞ ግጥም አለው። ባንድ አፍታ ውስጥ ሦስት ሰው፣ አንዱ በካባ ሁለታችን በዋና ልብስ፣ ፕላስቲክ ዘንባባ ሥር ሐዘን ተቀመጥን።

የዋናው ጠባቂ ልጅ የድንገተኛ ሕክምና ቦርሳዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። አንዲት አሮጊት ፎጣቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «የት ነው የሚያማት?» አለች ልጅቷ።

«እናቷ ሞቱባት» አለች ብዙነሽ በስዊድንኛ፣ እያነባች።

«እንዴት ያሳዝናል! መቼ?»

ብዙነሽ ጋሽ ሽፈራውን አየቻቸው። ጋሽ ሽፈራው እኔን አዩኝ። እኔ ብዙነሽን አየኋት። ድምፅ ማጉያው ወፍ ዘመረ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ የሚያውቁት» አለች ብዙነሽ።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «እኔ ምኑን አውቄ! ስታለቅስ ሰማሁና አጽናናኋት እንጂ። እኔ የመጣሁት ለወገቤ ነው። ሐኪሙ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀመጥ ብሎኝ ነው።»

ብዙነሽ ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ አንቺ ከማን ሰማሽ?»

«ካንቺ ነዋ! ልትነግሪኝ አይደል እንዴ ያመጣሽኝ!»

«እኔ? ምን ልነግርሽ?»

አሁን እናንተ «ተገላገለች» ትላላችሁ። አልተገላገልኩም። መርዶ የያዘ ሰው ስትጠይቁት ደግሞ ምን ይላል? «ምን ልነግርሽ?» ነው የሚለው። የባሰ ጮህኩ። በመጨረሻ ጠባቂዋ ልጅ ደንቡን ራሷ ጥሳ ስልኬን ከሣጥኑ አምጥታ ሰጠችኝ። ፍቼ ደወልኩ። አየለ አነሳው።

«አየለ፣ እውነቱን ንገረኝ» አልኩት፤ ድምፄ በለቅሶ ተቆራርጧል።

የራሱም ድምፅ ተሰበረ። «ማን ነው ጥሩዬ? ንገሪኝ። እኔ ወንድ ነኝ፣ እችለዋለሁ። ከልጆቹ ነው?»

መልስ ሳልሰጠው ስልኩ ከእጁ ተነጠቀ። በዚያ አሸዋ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ስዊድኑም ጭምር፣ የሰማው ድምፅ መጣ።

«ማን ሞተብኝ? ማንን ነው የደበቃችሁኝ?»

«እማዬ! አለሽ?»

«የት እሄዳለሁ! ማን ነው የሞተው ነው የምልሽ!»

እግዜር ያሳያችሁ፣ እናቴን ለማሳመን ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ባሌን በስሙ፣ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራሁ ሁሉም በሕይወት እንዳሉ ማልኩላት። ለካ እሁድ ጉንፋኗን ይዛ ጎረቤት ክርስትና ሄዳለች፤ ሦስት ቀን እዚያው ከረመች። «ከቤት እንዳታስወጣት» ብዬ አስጠንቅቄው ስለነበር አየለ እኔን ፈርቶ «ተኝታለች» አለኝ፤ ከዚያ ውሸቱን ከመሸከም ስልኩን አለማንሳት መረጠ።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች እናቴ።

«ብዙነሽ ደግ ሆነችብኝ እማዬ።»

«ያቺ ምላሰኛዋ?»

«አዎ።»

«እውነትሽን ነው፣ ያስፈራል» አለች። «ምን ሆና ነው? አሟት እንዳይሆን!»

ስልኩን ስዘጋ ስዊድኖቹ በጸጥታ አጨበጨቡ። እናቴ እንዳለች ለመረዳት አማርኛ አላስፈለጋቸውም። ጋሽ ሽፈራው ግን ከአሸዋው ላይ አልተነሱም። ካባቸውን እየደባበሱ «በእኔ ነው» አሉ። «እኔን ስታዪ ነው የደነገጥሽው። ገባኝ። ባለፈው ሱቅ ውስጥ አንድ የኛ ልጅ ሲያየኝ የእንቁላል ካርቶኑን ለቀቀው። ሰላም ልበል ብዬ ነበር የቀረብኩት።» ቀጥለውም «ወደዚህ የምመጣው ሐበሻ ስለማይመጣ ነው» አሉ። «በሬን የሚያንኳኳ ሁሉ ኑና ንገሩልን ነው የሚለው። አርባ ዓመት ሐይቅ ሳጠና ኖርኩ፤ ስለ ሐይቅ አንድ ነገር የጠየቀኝ ሐበሻ የለም።»

እኔና ብዙነሽ ተያየን። እኚህን ሰው ሁላችንም ከሩቅ ስናይ መንገድ እንቀይር ነበር፤ አልዋሽም፣ እኔ አንድ ጊዜ አውቶቡስ አሳልፌያለሁ። የራሳችንን ፍርሃት አሸክመናቸው ስናበቃ ሻይ እንኳ ጠጡ ያልናቸው የለም።

«እስቲ ይቀመጡ ጋሼ» አለች ብዙነሽ፣ ወንበር እየጎተተች። «እዚህ አገር ሐይቁ ሁሉ ለምንድን ነው እንደ ሻይ የጠቆረው?»

ዓይናቸው በራ። አንድ ሰዓት ተናገሩ። ስለ ጫካ ቅጠልና ስለ ረግረግ፣ ስለ ዓሣ ትንፋሽ፣ በዚያው ለቅሶ ቤት በሚያባብል ድምፃቸው። «ከዚያ በኋላ…» ብለው ዝግ ባሉ ቁጥር ልባችን ድንግጥ ይላል፤ የሚከተለው አልጌ፣ ያ ውሃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ፣ ሆኖ ይገኛል። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ዝምታን ያክብሩ የሚለውን በዚያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ጣስነው። ወደ ሙቁ ውሃቸው ሲመለሱ እሁድ እኔ ቤት ምሳ እንዲመጡ ቃል አስገባኋቸው። ጎረቤቶቼ ወደ ቤቴ ሲገቡ ቢያዩአቸው ምን እንደሚሉ አስቤ ነበር፤ ይበሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ውሃ ውስጥ የገባሁት። በጀርባዬ ተንሳፈፍኩ፤ እናቴ ፍቼ ላይ አየለን ስትቆጣ በዓይነ ኅሊናዬ እየታየኝ ያችን የውሸት ፀሐይ ሞቅኋት። እንደዚያ ያለ ፀሐይ ሞቄ አላውቅም።

ስወጣ ብዙነሽ ወንበሯ ላይ እጆቿን አጣምራ ጠበቀችኝ። ማሩ አልቋል።

«ሃያ አምስት ዓመት በማገልገሌ መሥሪያ ቤቴ የሰጠኝ የስጦታ ካርድ ነው» አለችኝ። «ለሁለት ሰው። ባሌ እኔን ውሰጂኝ አለ፣ ልጄ እኔን አለች። ሁለቱንም እንቢ አልኳቸው። አንድ ቀን ሳንነታረክ፣ እንደ ሰለጠነ ሰው፣ ከጥሩዬ ጋር ልዋል አልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ። ያንን የዋና ልብስ አይቶ ዝም ማለት ቀላል ይመስልሻል? ሦስት ነገር ነበር የመጣልኝ። ሦስቱንም ዋጥኳቸው! ሆዴን እያመመኝ ነው የዋልኩት። አንቺ ደግሞ እናትሽን ገደልሽልኝ!»

አፈርኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ለዚያ ቀን ደግነት መቶ ምክንያት ስፈልግለት ስውል፣ ይህች ሴት እንዲያው ዝም ብላ ትወደኝ ይሆናል የሚለው በሐሳቤ አልመጣም ነበር። ያረጀው ፍርሃታችን ስንቱን ፍቅር በር ላይ አስቁሞ «ማን ሞቶ ነው?» እያለ እንደሚመልስ እግዜር ይወቀው። ይሄንን ሁሉ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን እኔና እሷ እንደዚያ ተነጋግረን አናውቅም፣ ደግሞ የዋና ልብሴ ጠቦ አስጨንቆኝ ነበር።

«ታዲያ አንቺን ማስደሰት የሚቻለው እንዴት ነው?» አለችኝ። «ንገሪኝ እስቲ!»

ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ከጎኗ ተቀምጬ፣ እንዲህ አልኳት፦

«ሌላ ጊዜ ደግ ልትሆኚልኝ ስታስቢ መጀመሪያ ደህና አድርገሽ ስደቢኝ፤ ሁሉም ሰው በሕይወት መኖሩን ልወቅ።»